ባዶውን የማይመለስ ሳህን

የታሰርኩት በጀሪካን ምክንያት ነው። ሰርቄ አይደለም፤ በባዶ ጀሪካን የአንዲት ልጅ ቅንድብ መትቼ ነው።

በዚያ ሰሞን ከሚሴ ላይ ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነበር። ቦኖው ጋ ጀሪካኖቻችንን በሰልፍ ደርድረን እኛ ጥላ ስር እንቀመጣለን። ያን ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ውሃው ሲመጣ፣ የእኔ ጀሪካን ከእሷ ኋላ ነው ወይስ ፊት በሚል ተጣላን። እሷ የታችኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ እንደኔው አሥረኛ ክፍል፣ ግን ሌላ ሴክሽን። እኔ መታሁ፣ እሷ ነከሰች። እኔ ወደ ጣቢያ ሮጥኩ፣ እሷም ሮጠች፣ በር ላይ እኩል ደረስን።

«ከሳሽ ማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«እኔ» አልን አብረን።

«ተከሳሽስ?»

እርስ በርስ ተጠቋቆምን። የእሷን ቅንድብ አየ፤ ክንዴ ላይ ክብ ሆኖ የወጣውን የጥርሷን ምልክትም አየ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ከሳሽ፣ ሁለታችሁም ተከሳሽ ናችሁ» አለ። እሷን ጤና ጣቢያ ወስዶ ቅንድቧን አሰፍቶ ሲመልሳት የሴቶቹን ክፍል ከፈተልን።

«ከእሷ ጋር አንድ ላይ?» አልኩት።

«ምነው፣ አልጋ ይዘሽ ነበር እንዴ?»

ቀልዱ ያኔ አላሳቀኝም። ማክሰኞ የአሥረኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነበር። መርማሪው በግልጽ ነገረን፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ሽማግሌ ገብቶ ከታረቅን እንወጣለን። ካልታረቅን ፍርድ ቤት እንቀርባለን፣ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣል፣ ፈተናው ያልፈናል። ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁት ሁሉ በአንድ ጀሪካን ሊፈስ ነው ማለት ነው።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ካቦዋ ናት፤ ካቦ የእስረኞች አለቃ ማለት ነው። ከቆላ በሰንበቴ በኩል ሳህንና ልብስ ያለ ቀረጥ ስታስገባ ተይዛ ነው፤ ጠረጴዛ ይዛ እንደተቀመጠች ሹም ከግድግዳው ስር ተደላድላ ተቀምጣለች። ሁለተኛዋ ከጨፋ ሮቢት አካባቢ የመጣች እናት ናት፤ የጎረቤት በሬ የማሽላ ቡቃያዋን ቢበላባት በሬውን አስራ አልመልስም ብላ ነው የመጣችው። እኛ አዮ እንላታለን፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

«በሬው ጠግቦ ቤቱ ገባ» ትላለች ቁጭ ብላ። «እኔ ታሰርኩ። ማሽላው የማን ነበር?»

ካቦዋ ሕጉን አስረዳችን። ትርፍ ሰሌን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለታችን እሱ ላይ እንተኛለን። ከየቤቱ የሚመጣ ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። «የእኔ እናት፣ የአንቺ እናት የሚባል ነገር ከበሩ ውጭ ነው የሚቀረው» አለች። «ጠብ ያላት ከጠቧ ጋር በሩ ስር ትቀመጣለች። እዚያ ደግሞ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ።»

በሩ ስር ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ባለጋራዬም መጣች። ጀርባና ጀርባ ሰጥተን በላብ ታጠብን።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ መጣ። ከእኛ ቤት ምስር ወጥ በእንጀራ፣ ከእነሱ ቤት ጩኮ፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ። እናቶቻችን በሩ ማዶ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዷ ወደ አስፋልቱ፣ አንዷ ወደ ተራራው ታያለች አሉ። እኔ ጩኮውን አልነካም አልኩ። አዮ እጇን ሰደደችና አንድ ጉርሻ ወደ አፌ አመጣች።

«ኮቱ፣ ነይ ኢንተላ ኮ። ቢስሚላህ በይ። ማን እንደሠራው አትጠይቂ።»

ልጄ ስትለኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ዋጥኩት። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ያን የመሰለ ጩኮ በልቼ አላውቅም። ግን ፊቴን አኮሳትሬ ነው ያላመጥኩት። ወዲያው ደግሞ አዮ ከምስሩ ለባለጋራዬ አጎረሰቻት፤ እሷም ፊቷን አኮሳትራ አላመጠች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ ወሬ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎች ሁለቱም ቤት ሄደው ነበር። እናቴ «መጀመሪያ እነሱ ይምጡ፤ ልጄ እኮ ናት የተነከሰችው» ብላለች። የእሷ እናት ደግሞ «መጀመሪያ እነሱ ይምጡ፤ ልጄ እኮ ናት የተሰፋችው» ብላለች። ሽማግሌዎቹም ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል።

እናቴ ከቁርሱ ጋር የላከችልኝን ደብተር አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ። ካቦዋ ነጠቀችኝ።

«ለቅሶ ፈተና ላይ አይመጣም። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ።»

ማንበብ አትችልም። ደብተሩን ገልብጣ ይዛ፣ ጣቷን የሆነ መስመር ላይ አስቀምጣ «ይሄን ንገሪኝ» ትለኛለች። እኔ ያንን ርዕስ እላለሁ፤ እሷ ፊቴን ታያለች። ካቆምኩ «አልያዝሽውም፣ ድገሚው» ትላለች። ወላሂ ከአስተማሪዎቻችን ማንም እንደሷ አላስጨነቀኝም። የሂሳቡን ቀመር ስደርስ በልበ ሙሉነት ተናገርኩና «ሲካፈል ለኤ» ብዬ ጨረስኩ። ምንም ስላላመነታሁ ካቦዋ አለፈችኝ።

«ለሁለት ኤ ነው» የሚል ድምፅ ከበሩ ስር መጣ።

ሁላችንም ዞር አልን። ባለጋራዬ ግድግዳውን እያየች ነው።

«ምን አልሽ?» አልኳት። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነበር።

«ለሁለት ኤ። ዝም ልል ነበር፤ ግን ጆሮዬን በላኝ።»

አዮ ሳቀች፣ ካቦዋ ሳቀች፣ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ባለጋራዬ ልትስቅ ስትል የተሰፋው ቅንድቧ ጎተታትና «አይ፣ አታስቁኝ» እያለች ተንፈራፈረች። ይሄኔ የባሰ ሳቅን። እሷ በሂሳብ የክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ ባዮሎጂ ላይ ግን ዜሮ ናት። እኔ ደግሞ ተቃራኒዋ። ከበሩ ስር ተነስተን ነፋስ ያለበት ጥግ ሄድን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራት መጥቶ በላን። ሁለታችን ሳህን እያጠብን እሷ ስለ ቀመሩ፣ እኔ ስለ አበባ ክፍሎች እናወራለን። ፖሊሱ «ዕቃ ቶሎ፣ እናቶቻችሁ ቆመዋል» ሲለን ሳህኖቹን በየፌስታላቸው ከትተን ሰጠነው። የሁለቱም ቤት ሳህን አንድ ዓይነት ነው፤ ክዳን ያለው፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ አበባ ያለበት። ፖሊሱ ከሄደ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። እናቴ ሳህኗ ስር በጥፍር ቀለም ቀይ ነጠብጣብ ታደርጋለች፤ የሠርግ ቤት ዕቃ እንዳይቀላቀልባት ነው። እኔ አጥቤ በእኛ ፌስታል የከተትኩት ሳህን ጆሮ ላይ ግን ጥቁር ክር ነበር የታሰረው።

«የአንቺን ሳህን ለእናቴ ላክሁት» አልኳት።

«የአንቺን ደግሞ ለእናቴ» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። «አሁን አለቀልን። ዕቃችንን ቀሙን ሊባባሉ ነው።»

ካቦዋ ደረቷን እየመታች ሳቀች። «ሁለቱንም የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ሌላ ቀለም ባመጣ ኖሮ።»

አዮ ግን ሰሌኑን ታራግፋለች። በኋላ «አንቺ ነሽ እንዴ ያቀያየርሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ የያዝኩት በሬ ነው» አለች። «ሳህን አልያዝኩም።»

ቤት የሆነውን እናቴ ኋላ ነገረችኝ። ፌስታሉን ፈትታ ክሩን ስታይ ሳህኑን ከእጇ ልትጥለው ነበር። ቀጥሎ ግን ተቸገረች። የሰው ዕቃ ነው፤ መመለስ አለበት። ባዶውን ደግሞ አይመለስም፤ እናቴ ከተወለደች ጀምሮ የሰው ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። «ሳህኑ ምን አደረገኝ?» አለች ለራሷ፣ የስንዴ ዱቄት አውጥታም ጨጨብሳ ሠራች፤ ቅቤውንም አልሰሰተችም። እታችኛው ሰፈርም ሌላዋ እናት በጥፍር ቀለም የተነጠበውን ሳህን ይዛ እንዲሁ ተቸግራ ነበር። እሷ ሩዝ በዘቢብ ሠራች።

እሑድ ቀን ስድስት ሰዓት። በሩ ስንጥቅ አለው፤ እኔና ባለጋራዬ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነን አየን። እናቶቻችን እኩል ደረሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልቱንም ተራራውንም የምታይ የለችም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች የእሷ እናት።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለች እናቴ። «ዕቃሽ እኔ ዘንድ መጥቶ።»

«ያንቺም እኛ ቤት አድሯል።»

«ለእርቅ አይደለም የመጣሁት። ሳህኑን ባዶውን እንዳልመልሰው ብዬ ነው።»

«እኔስ ለምን የመጣሁ መሰለሽ?»

ተቀባበሉ። ክዳኑን ከፍተው አዩ። «ይሄ ሁሉ ቅቤ ለምን?» አለች የእሷ እናት። «አንቺስ ይሄን ሁሉ ዘቢብ?» አለች እናቴ፤ ከዚያ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ትከሻ ለትከሻ ሦስቴ ሰላም ሲባባሉ ግን አይቻለሁ። ባለጋራዬ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ የነከሰችኝ ቦታ ላይ ነበር፣ ክንዴን ግን አልሰበሰብኩም።

ሳይመሽ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። አንደኛው «ታዲያ ማን ቀድሞ መጣ እንበል?» ብለው ሲጠይቁ ፖሊሱ «እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ እኩል ነው የደረሱት። ልጆቻቸውም እንደዚያው ነበሩ» አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ፈርመን ወጣን። ካቦዋ «ለሁለት ኤ፣ እንዳትረሺ» አለችኝ። አዮ ግንባራችንን ሳመችና ደብተሬን ራሷ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ማክሰኞ ያ ቀመር መጣ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ረድፍ ዞር ብዬ አየሁ፤ ባለ ቅንድቧ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል።

ከፈተናው ወጥተን ደብተር ልንተያይ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ከታች አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አገኘሁ። አዮ ውሃ የምትጠጣበት ነው። እኔ አልከተትኩትም።

ጓደኛዬ ጣሳውን ተቀብላ ገለበጠችው። «ባዶ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲህ ምን እናድርግ? እናቴ ጩኮ አላት።»

ረቡዕ ጣሳውን ጢም አድርገን ሞልተን፣ ላዩን በጨርቅ አስረን፣ ሁለታችን ይዘነው ጣቢያ ሄድን። ፖሊሱ አየንና «ደግሞ ማን ማንን መታ?» አለ።

«ዕቃ ልንመልስ ነው» አልነው፣ አብረን።