ዓሣ ነባሪ የደረሰው ልጄ

መርሳ ከተማ የታሰርንበት ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። እኔንና ልጄን ከሱቃችን አንስተው ሲያስገቡን መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለም። አየር የሚገባው በብረቱ በር ሥር ብቻ ነው። ልጄ አስም አለበት። ገና ሳንቀመጥ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ።

እዚያ በር ሥር ለመተኛት ሰው ይጣላ ስለነበር ቀድመውን የገቡት እስረኞች ሕግ አውጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች እንደ ተማሪ ቤት ይከራከራሉ፤ ያሸነፈ በሩ ሥር ያድራል። ፖለቲካ ክልክል ነው። ዳኛ እኔን አደረጉኝ። ትምህርቴ ስኳር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ የለቀምኩት ቢሆንም፣ ለሰው እንደማላዳላ የመርሳ ሰው ያውቃል።

የልጄ ተራ ደረሰ። ተከራካሪው ግራና ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። ርዕሱ "ለሰው ከዓሣ ነባሪና ከአፈር ባክቴሪያ የቱ ይጠቅማል?" የሚል ሆነ። ዕጣ ሲወጣ ለልጄ ዓሣ ነባሪ ደረሰው።

"ክቡር ዳኛ" አለ ወደ እኔ ዞሮ፤ ሰዉ ሳቀ። "ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። ልጁን ጡት ያጠባል። ባሕር ውስጥ እየኖረ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል። አየር ካጣ ይሞታል።"

"እንደ አንተ በለኛ" አለ አንድ ሹፌር ከጥግ።

መምህሩ ቀጠለ። "ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። ግን ሽምብራ ሥር ላይ ተጣብቆ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ተክሉን ይመግባል። እዚህ መጋዘን ይከማች የነበረው ማዳበሪያ የሚሠራውን እሱ በነፃ ይሠራል። ያንተ ዓሣ ነባሪ ለሀብሩ ወረዳ ገበሬ ምን ሠራለት?"

ልጄ አሰበ። ትንፋሽም አጠረው።

"ትልቅ ነው" አለ።

ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ።

"ትልቅነት ጥቅም አይደለም" አልኩ። "መምህሩ አሸንፏል።"

መምህሩ ጋቢውን ይዞ ቆመ። "ጋሼ፣ ልጁ እዚያ ይተኛ። እኔ ደህና ነኝ።"

"አይሆንም፣ መምህር። አሸንፈዋል" አለ ልጄ። ጋቢውን ከእጁ ተቀብሎ በሩ ሥር አነጠፈለት። ከዚያ ወደ ጥጉ ተመልሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በኋላ ክስ ሳይነበብልን "ሂዱ" ተባልን። ለምን እንደታሰርን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ልጄ አሁን ወልድያ ይሠራል። ሲደውል ከድምፁ በፊት የትንፋሹን ፉጨት እሰማለሁ። የገዛ ልጁን አይቶ የሚፈርድ ሰው ዳኛ አይደለም፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እፈርዳለሁ። በዚያ ቤት የተሰጠው ትክክለኛ ፍርድ እሱ ብቻ ነው። ዋጋ የከፈለበትም ልጄ ነው።