ውቤ የዋጠው መልእክት

ውቤ ዳንግላ የገባው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የስልክ ምሰሶ ተሸክሞ ነው። መስመሩ ሲጠገን ከጉልበት ሠራተኞቹ ጋር ከቆሰበር መጣ፤ ጓደኞቹ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ እሱ ቀረ። ሽቦ መቀጠል ለምዶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሱቅ ከፍቶ የሕዝቡን ስልክ በውስጡ አስተከለ። ቀጥሎ ጠጅ ቤት ከፈተ፤ ራዲዮ ገዝቶም ድምፅ ማጉያውን በበራፉ ሰቀለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወሬ ሁሉ በእሱ ጆሮ ገብቶ በእሱ አፍ የሚወጣ ሆነ። የኑግ ዋጋ መናሩን ቀድሞ ይሰማና ገበሬው ሳይነቃ ጎተራውን በርካሽ ገዝቶ ያራግፈዋል።

ጎረቤቱ እታለማሁ አልወደደችውም። አረቂ እያወጣች ታናሽ ወንድሟን ደጉን ያሳደገች ሴት ናት፤ ደጉ አሁን አዲስ አበባ ወታደር ነው። «ጥርስ ባዳ ነው፤ እኔ የማየው ዓይኑን ነው» ትል ነበር ስለ ውቤ።

አንድ ክረምት ውቤ ለአንቴናው ምሰሶ እንዲሆኑት ከደጇ ያሉትን ረጃጅም ባሕር ዛፎች ጠየቃት።

«የአባቴ ተክል ነው፤ አልሰጥህም።»

«እንዳሻሽ። አንድ ቀን ትፈልጊኛለሽ።»

መስከረም ሲጠባ ኢስሃቅ የሚባል የጨው ነጋዴ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ጭነቱን ሳያራግፍ እታለማሁ ቤት ገባ።

«አላህ ያጽናሽ፣ እትዬ።»

«ምን ሆኜ?»

ኢስሃቅ ደነገጠ። «አልሰማሽም እንዴ? ደጉ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ‹እህቴን ጥሩልኝ› ሲል ስልክ የደወልሁት እኔው ነኝ። ውቤም ‹እነግራታለሁ› አለኝ። ልጁ በር በሩን እያየ አለፈ።»

እታለማሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጠጅ ቤቱ ሄደች። የቅዳሜ ገበያተኛ ራዲዮ ሊሰማ ተኮልኩሏል።

«ወንድሜ ሲጠራኝ ሰምተሃል?»

«ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት።»

«አልረሳኸውም!»

«እንግዲያ አልረሳሁትም» አለ ውቤ። «ዛፍሽን ከለከልሽኝ፤ እኔም አፌን ከለከልሁሽ።»

ይህን የሰንበቴው አለቃ አቶ አየነው ሰሙ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ውቤን አወገዘ፤ እሳት እንዳይጭሩለት፣ ደጁን እንዳይረግጡ ተማማሉ።

ጠጅ ቤቱ ጭር አለ። ኅዳር ሳይጋመስ ግን አንዱ «ዜና ብቻ ሰምቼ ልመለስ» ብሎ ገባ፤ ሌላው ተከተለው። አንድ አመሻሽ እታለማሁ ስታልፍ፣ አቶ አየነው ራሳቸው ማጉያው ሥር ተቀምጠዋል።

«እርስዎም፣ አባባ?»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ፤ ጆሮም እንደ ሆድ ይርበዋል» አሉ፣ ብርሌውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ።

ውቤ ደለበ። በግምጃ ቤት ከተማና በቆሰበርም ማጉያ ሰቀለ። ባሕር ዳር ትልቅ የራዲዮ መደብር ሊከፍት ሲነሳ፣ ሽማግሌዎችን በሬ አስነድቶ ለእርቅ ላከባት። እታለማሁ ከደጃፏ አላሳለፈቻቸውም።

«በሬውን መልሱለት። ጭንቅ ሲይዘው ጠርቶ የሚሰማው ይጣ በሉልኝ!»

«ተይ ልጄ፣ እርግማን ጥሩ አይደለም» አሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት አቶ አየነው።

«ለእርስዎ ጆሮ ራዲዮው አለልዎ፤ የእኔን ቃል ለእሱ ያድርሱልኝ።»

ውቤ ሲሄድ የከተማው ሰው ግማሹ እስከ ወንዙ ወጥቶ ሸኘው። እታለማሁ በሯን ዘግታ አረቂዋን ታወጣ ነበር።