አባቴ ያልቀለደበት ቀን

የአባቴ ተራ ቀን ብዙ አያስወጣውም፤ ጥቂት ምላጭ፣ ትንሽ ጥጥ፣ በቀልድ የደረቀ አንድ ጉሮሮና ቢያንስ አንድ የተቀየመ ደንበኛ። ጸጉር አስተካካይ ነው። መላጣ ሰው ሲገባ፣ «ለመቁረጡ ግማሽ ዋጋ፤ ጸጉሩን ለመፈለጉ ግን ሙሉ ነው» ይላል።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶበት ሆስፒታል ሲገባም አፉ ሥራ አልፈታም። የደማውን ቦታ ዘጉለት። ሐኪሙ ግን እኔን ልጁን ለብቻ አስጠነቀቁኝ፤ የፈሰሰው ደም የአንጎሉን ደም ሥሮች አስቆጥቶ ሊያኮማትራቸው ይችላል፣ ይሄም የሚመጣው ሰው ሁሉ «ዳነ» ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ ይሄን የሚከላከለው ኪኒን በየአራት ሰዓቱ፣ ቢተኛም ተቀስቅሶ።

ጠያቂዎቹ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ናቸው። አለቃቸው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። አባቴን ለኪኒኑ ስቀሰቅሰው፣

«ምነው ልጄ፣ የተኛ በሽተኛ ይቀሰቀሳል? እንቅልፍ አይደል መድኃኒቱ!» አለኝ።

«እንቅልፍ የተኮማተረ ሥር አያፍታታም፣ ጋሼ» አልኩና ውሃውን አቀረብኩ።

ሲስተሯም ቶሎ ቶሎ እየመጣች ትፈትነዋለች።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«የደሞዝሽ ቀን።»

«የት ነው ያሉት?»

«አልጋ ተከራይቼ።»

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ስትቆጣው ነው በደንብ የሚመልሰው። ታዲያ አባቴ ቀልዶ ሲጨርስ ማን እንደሳቀ ዞር ዞር ብሎ ሳያይ አይቀርም፤ የሱቁ መስታወት ያስለመደው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሰፊው ራሱን ሲስተር አድርጎ ሾመ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«መቀስ» አለ አባቴ።

ልብስ ሰፊው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እስቲ ሁለት እጅህን አንሳ!»

ግራው ተነሳ። ቀኙ ትንሽ ከፍ አለና ወደቀ።

«አያችሁት ይሄን ተንኮለኛ! ቀኙን ለመቀሱ እያሳረፈው ነው!»

ሌሎቹም አጨበጨቡ። አባቴ ግን ማን እንደሳቀ አላየም። ያቀፍኩትን ሕፃን ልጄን ልብስ ሰፊው ጭን ላይ ጥዬ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።

«ሲስተር፣ ድረሽልኝ! አባቴ አልቀለደም!»

እውነትም ሥሮቹ መጥበብ ጀምረው ነበር። ፈሳሽ ሰጡት፤ ደሙ በጠበበው ሥር እንዲያልፍም የደም ግፊቱን ሆን ብለው ከፍ አደረጉለት። በማግስቱ ቀኝ እጁ ተነሳ። ልብስ ሰፊውን ሲያየው፣ «አንተ እዚህ ታክማለህ፣ ሱሪዬን ማን ይስፋ?» አለና ዞር ብሎ አየን። ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ።

ዛሬ ሱቁ ተመልሷል። ይህን እየጻፍኩ መሆኑን ስነግረው ምላጩን አስቀመጠ።

«አንባቢዎችሽን አንድ ነገር ለምኝልኝ» አለ። «በሽተኛ ስትጠይቁ ሳቁ፣ ደስ ይለዋል። ቀልዱ ካልገባችሁ ግን በይሉኝታ አትሳቁ፤ እባካችሁ፣ ሲስተር ጥሩለት።»