ተፈታኙ መምህር

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የስደተኞች ካምፕ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ሄጄ አንድ አስጠሊታ መምህር አየሁ። በዚያ ሐሩር ኮት ደርቧል፤ የተጣፈ እጅጌውን በሌላው እጁ ይሸፍናል። የሥልጠና ባጁን ከአንገቱ አላወረደም። "ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ፈተናውንም አብረን እናወጣለን" እያለ የሸመደደውን ያነበንባል፤ ማንም ደፍሮ እንዳይጠይቀው ግን ዓይኑን ያጉረጠርጣል። አቤት ጉራ! አልሁ በልቤ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ኡስታዝ፣ ትናንት ያስተማሩን ነገር ስህተት ቢሆንስ? በፈተናው የምንወድቀው እኛ ነን ወይስ እርስዎ?"

ፊቱን ላብ አጠመቀው። ሲቆጣ ለማየት ስጠብቅ፣ ጠመኔውን ለልጅቷ ሰጣት።

"ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፊው። መጀመሪያ የምፈተነው እኔ ነኝ" አለና ልጆቹ በተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ከመካከላቸው ተቀመጠ።