የሰርተፊኬት ፊደል በመቻራ

ጭሮ ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙክታር ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው አንድ የላቲን ፊደል ዓይነት አሳዩኝ። እኛ ቤት «የሰርተፊኬት ፊደል» ይባላል። ቋሚዎቹ ወፍራምና ጥቁር ናቸው፤ ማገናኛዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ጫፎቹ ሹል። አፉ በሰፋ መቃ ብዕር የተጻፈ ይመስላል።

«ለምን ለምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ለሰርተፊኬት፣ ለሠርግ ጥሪ፣ ለዋንጫ። ለሌላው እያየህ ነው» አሉና ወደ ወረቀት መቁረጫው ሄዱ።

እኔ ግን ወደድኩት። የባጃጅ ነጂዎችም ይወዱታል፤ የልጃቸውን ስም በዚሁ ፊደል አስቆርጠው የኋላ መስታወት ላይ ያስለጥፋሉ። ሰው ባያነበውም የማን ባጃጅ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አልተጎዳም። ፀጉር አስተካካዮችም እንደዚያው።

ከዓመታት በኋላ ፋጡማ የምትባል ደንበኛ ከመቻራ መጣች። በሰው መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ኖራ የራሷን ልትከፍት ነው። ዲፕሎማዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«እዚህ ላይ ያለውን ፊደል ነው የምፈልገው» አለች። «ሁሉም በትልቁ ፊደል፣ በካፒታል ይሁን፤ ከሩቅ ይታይ።»

በእኛ አካባቢ ታፔላ የሚያዝዝ ሰው ሁሉንም በትልቁ ነው የሚያዝዘው። በሌላ ፊደል ችግር የለውም። በዚህኛው ግን አንድ ትልቅ ፊደል ቃሉ ራስ ላይ ሲቆም ጌጥ ነው፤ «መድኃኒት ቤት» በኦሮምኛ ሲጻፍ ያሉት አሥራ ሁለቱም በትልቁ ሲደረደሩ አጥር ይሆናሉ፤ ተለይተው አይነበቡም። ይህን አውቅ ነበር። ዝም አልኩ፤ ያንን ፊደል ሁለት ሜትር ላሜራ ላይ ላየው ጓጉቼ ነበር። አማርኛውን ከሥር በትንሹ አደረግሁት።

ታፔላውን ራሴ ወስጄ ሰቀልኩ። ብሎኖቹን ሳጠብቅ ቆይቼ ገና መሰላል ላይ እያለሁ አንድ አባት ልጁን ታቅፎ፣ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። ቀና ብሎ አየኝና መድኃኒት ቤት የት እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀኝ።

«ይኸው» አልኩት።

«ይኼ ኮሌጅ አይደለም እንዴ? ቅድም አልፌው እስከ ከተማው ጫፍ ደርሼ መመለሴ ነው።»

አማርኛ አያነብም፤ በላቲን የሚጻፈውን ቁቤ ግን ያነባል። የጎረቤቱን ሱቅ ስም ከታፔላው ላይ አንብቦ ነበር፤ የእኛን ግን ማንበብ አልቻለም። የልጁ ራስ አባቱ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ትንፋሹን እሰማለሁ።

ፋጡማ ሮጣ ወጣች። አስገባቻቸው፣ የትኩሳት መድኃኒቱን እዚያው ሰጠችው፣ ልጁ እስኪረጋጋ አስቀመጠቻቸው። ሲሄዱ መንገዱን ተሻግራ ቆመችና ታፔላውን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ወላሂ እኔም ማንበብ አልቻልኩም» አለች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

 በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አውርደው» አለች። አወረድኩት። ጭሮ ተመልሼ በግልጽ፣ ጌጥ በሌለው ወፍራም ፊደል ሠራሁላት፤ አማርኛውንም እኩል አሳደግሁት። ከመስቀሌ በፊት መንገዱን ተሻግሬ አላፊ አግዳሚውን አስነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ሳላስነብብ የሰቀልኩት ታፔላ የለም።

የሰርተፊኬት ፊደል ቁጭ ብሎ ለሚያደንቅ ሰው ነው። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ደንበኛ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ መንገር የእኛ ሥራ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ስላላወቅሁ አልነበረም፣ ስላማረኝ ነበር።