ስድስት ቀንና ሰባ ሜትር

ሰፈሩ ሁሉ «ጭቃው» ይለዋል። ስድብ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሰው ከጫማው እስከ ቅንድቡ ጭቃ ቢሆን ምን ይደንቃል? እሱም ስሙን ወዶታል፤ ስልክ ሲያነሳ እንኳ «ጭቃው ነኝ፣ ማን ልበል?» ይላል።

ከጉድጓድ ይልቅ የሚወደው ግን አንድ ነገር ነበረው፤ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ በቆርቆሮዋ ክፍል የሚመራው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል። የዛሬው መጋቢ ራሱ ገና ጢም ሳያበቅል እዚያች ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእሱ ነው የተማረው። እሷን ክፍል ይነጥቁኛል ብሎ በህልሙም አላሰበም።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በግቢው ውሃ ሲያስፈልግ ጭቃው በነጻ ቆፈረላቸው። መሰርሰሪያው ምድርን እንደ ሻማ ድፍን አድርጎ ቆርጦ ያወጣል፤ የወጣው ሁሉ ሜትሩ እየተጻፈበት በእንጨት ሣጥን ውስጥ በተራው ይደረደራል። ተራውን ያዛባ ቆፋሪ ውሃውን አልፎት ይሄዳል። አርባ ሜትር ላይ ፀሐይ ሰነጣጥቆት የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ ስንጥቁ ውስጥ አመድ ሞልቶበታል። ከሥሩ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከሥሩ ደግሞ እንደገና የተሰነጠቀ ጭቃ። ሰውየው ሣጥኑን ሁለት ቀን አፍጥጦ ሲያየው ሰነበተና «ከዚህ በታች የጥንት ወንዝ አለ» አለ። ሰባ ሜትር ላይ ውሃው ገነፈለ። አጨበጨቡ፣ ዘመሩ፣ ጠጡ።

በቀጣዩ እሁድ ጥናቱ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ያ ሁሉ አፈር በስድስት ቀንና በአንድ የጥፋት ውሃ ነው የተደራረበው?»

«እኔ ያየሁትን ልንገርሽ» አላት። «በጎርፍ መሃል ጭቃ ደርቆ አይሰነጠቅም፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እግዚአብሔር አልቸኮለም ማለት ነው። የኦሪቱ ቀን አንቺና እኔ በሰዓታችን የምንለካው ላይሆን ይችላል። ፈጣሪው ግን ያው ነው።»

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዓርብ ሳይደርስ ወሬው «ጭቃው ኦሪትን ካደ» ሆኖ ከቤት ቤት ዞረ። ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲጠሩት ሚስቱ በር ላይ ያዘችው። «አንተ ሰው፣ የሚሉህን ፈርመህ ና! ያቺን ክፍል ካጣህ እሁድ እሁድ ቤት ተቀምጠህ እኔን ነው የምታስተምረኝ።»

ቢሮው ውስጥ አምስቱ ሽማግሌዎች ተሰይመዋል። ጠረጴዛው ላይ እሱ ካወጣው ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በጆግ ቀርቧል። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ያንኑ ውሃ እየተጎነጩ፣ ውሃውን ያገኘበትን ዕውቀት ሐሰት ነው ብለህ ፈርም ሊሉት ነው የጠሩት! መጋቢው አንድ ወረቀት ገፋለት። ስድስቱ ቀናት እያንዳንዳቸው ሃያ አራት ሰዓት እንደነበሩ፣ የምድር ንጣፍ ሁሉ በአንድ ጎርፍ እንደተነጠፈ አምናለሁ ይላል፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው።

«ጋሼ፣ አክብሮቴን ያውቃሉ» አለ መጋቢው። «ግን ዛሬ የኦሪቱ ቀን ምሳሌ ነው ካልን፣ ነገ አንዱ ተነስቶ ትንሣኤውም ምሳሌ ነው ይለናል። የት ላይ እናቆመዋለን?»

የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ጭቃው ራሱ ስንት ቀን አብሰልስሎታል።

«ትንሣኤውን ያዩት ሰዎች ያዩትን መሰከሩ» አለ። «እኔም ያየሁትን ነው የመሰከርኩት። ዓይንህ ያየውን ካድ ብለህ አስፈርመኸኝ፣ ነገ ስለ ትንሣኤው ሳስተምር ማን ያምነኛል?»

«ኧረ ምን ያካብዱታል፣ ፊርማ እኮ ናት!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ባለ ፋርማሲው።

ጭቃው ደሙ ፈላ። «ፊርማ ናት? አንተ መርዙን መድኃኒት ነው ብለህ ትፈርማለህ?» ወረቀቱን መልሶ ሲገፋው ጆጉ ተንገጫገጨ።

መጋቢው አቀረቀረ። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ጥናቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጭቃው ሊወጣ ተነሳ። የዚያ ቤት ልማድ ግን ስብሰባ የሚዘጋው በዕድሜ ትልቁ ሰው ጸልዮ ነው፤ ትልቁም ሁልጊዜ እሱ ነው። መጋቢው ሳያስበው፣ እንደወትሮው፣ «በሉ ጋሼ፣ በጸሎት ይዝጉልን» አለ። የደነገጠው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ሁሉም ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ጭቃውም ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ «ምድርን የሠራሃት አንተ ነህ። ከውስጧ ያወጣሁትን እኔ አላስቀመጥኩትም። ዋሽቼ ከሆነ እዚሁ ፊታቸው አሳፍረኝ። እውነት ተናግሬ ከሆነ ግን፣ እነዚህ ልጆችህ በአንተ ስም ዋሽ እያሉኝ ነውና አንተው ንገራቸው። በኢየሱስ ስም።»

ጠበቀ። ባለ ፋርማሲው ጉሮሮውን ጠረገ። የመጋቢው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«አሜንም እኔው ልበላ?» አለ ጭቃው። ብሎትም ወጣ።