ባንዲራ ይዤ ሳን ሆዜ

ኤል ሴሪቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ከኤል ሴሪቶ የተነሣሁት፣ ሳን ሆዜ ላይ ጓደኛዬ ፊሽካ ሲነፋ እኔ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ ባንዲራ ላውለበልብለት ነው። የጉዞው ዓላማ ይኸው ነው። አሳምሬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ጨዋታው ራግቢ ሊግ ነው፤ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው የሚጫወቱት ዓይነት። የቤይ ኤሪያ ክለቦች የዓመቱ ፍጻሜ ነው። የመሐል ዳኛው ጀማል ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ይኖራል፤ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ልጆቹን ያሳድጋል። ከእኔ ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ ይህን ጨዋታ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እኔ አሜሪካ ከመግባቴ በፊት ሲድኒ ኖሬአለሁ፤ እዚያ ዳቦ ቤት እየሠራሁ በየሳምንቱ መጨረሻ የሕፃናት ጨዋታ እዳኝ ነበር። ጀማልን እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኳሱ በእጅ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማይወረወር እንኳ የነገርኩት እኔ ነኝ። ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ ይላል ያገሬ ሰው። ጀማል ነከሰኝ አልልም፤ ግን ያመኛል።

የዳኞች ኃላፊያችን ሜሌ የምትባል፣ ከፓሲፊክ ደሴቶች የመጣች ቶንጋዊት ናት። የምደባው ኢሜይል ሲመጣ እኔ የመስመር ዳኛ፣ ጀማል የመሐል። የፍጻሜው ዳኛ ደግሞ ጨዋታውን ካሳመረ፣ በመጸው በምሥራቅ ጠረፍ ወደሚደረገው የክለቦች ውድድር ይላካል። ጉልበቴ ከእንግዲህ ቢያስሮጠኝ አንድ ዓመት ነው። ይቺ የመጨረሻዬ ነበረች።

ባለቤቴ ጽጌ ቁርስ እያቀረበች፣ «ቀንተሃል» አለችኝ።

በማን ነው የምቀናው ብዬ ተቈጣሁ። እሷ እንቁላሉን ወደኔ ገፋ አደረገችው። እውነቷን ነው፤ ቀንቻለሁ።

ባቡር ላይ

ከኤል ሴሪቶ የሚነሣው ባቡር ሳይቀየር ሳን ሆዜ ያደርሳል። መኪና አለኝ፤ ግን ጀማል በዕረፍቱ ቀን መሪ ማየት አይፈልግም፤ አብረን በባቡር እንሂድ ብሎ ኮል አድርጎልኝ ነበር። ጭጋግ ነበር። ጣቢያው አጠገብ ቡና ገዛሁ፤ አምስት ዶላር ከምናምን፤ እሱም ቀዝቃዛ። ባቡሩ በርክሊ ላይ ምድር ውስጥ ገብቶ ኦክላንድ ላይ ብቅ ሲል ፀሐይ ወጥታለች።

እስከ ፍሩትቬል ብቻዬን ስለነበርኩ ከራሴ ጋር ሙግት ገጠምኩ። ታሪኩን የሚያውቅ ማነው? እኔ። በሰሜን እንግሊዝ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጫወቱ ከሥራ ይቀሩ ነበር። የቀረንበት ይከፈለን ሲሉ የጨዋታው አለቆች እምቢ አሉ። ክለቦቹም ተገንጥለው የራሳቸውን ውድድር አቋቋሙ። ቈይተው ከአሥራ አምስቱ ተጫዋች ሁለቱን ቀነሱ። በዚያ ዘመን ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘው ተይዞ መጣሉ፣ አይቈጠርም፤ አንዱ ክለብ ኳሱን ታቅፎ ግማሹን ጨዋታ ሊጨርሰው ይችላል። ኋላ አራት ጊዜ ብቻ ተባለ፤ ቀጥሎ ስድስት ሆነ። ስድስት ጊዜ ተይዘህ ከወደቅህ ኳሱን ለተጋጣሚህ ታስረክባለህ። የዳኛ ሥራ ግማሹ እሱን መቁጠር ነው። ይህን ሁሉ ጀማልን ብትጠይቁት አንድም አይመልስላችሁም። ፊሽካው ግን የእሱ ነው።

ፍሩትቬል ላይ ገባ። ልብሱ ተተኩሷል፤ ጫማው ተወልውሏል። ከእኔ የሚያንሰው በአምስት ዓመት ነው፤ ስላስተማርኩት «ጋሼ» ይለኛል፤ አንቱታውን ግን ለምኜ አስቀርቻለሁ። ገና ሳይቀመጥ ከቦርሳው ሳምቡሳ አወጣ። ሚስቱ ዘይነባ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ፣ የእኔን ለብቻው በምስር ሠርታ በፎይል ጠቅልላዋለች። አራት በላሁ። ጣፋጭ መሆኑም አናደደኝ።

ሳን ሊያንድሮን እንዳለፍን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መፍራቱን ነገረኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ዳኝቶ አያውቅም። «ምን የሚያስፈራ ነገር አለው» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሄይዋርድ ኮረብቶች ሣራቸው ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥራቸው መጋዘን በመጋዘን ነው። ከኮረብቶቹ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ጀማልን ላለማየት ያህል ነው።

መልሼ ሳየው አውራ ጣቱ በጣቶቹ አንጓ ላይ እየተራመደች ነው። ከሶላት በኋላ ዚክር የሚቈጥረው እንዲያ ነው፤ ታክልም የሚቈጥረው እንዲያው። በአንድ ጣት ሦስት አንጓ አለ፤ ሁለት ጣት ሲሞላ ስድስት። እኔ በአፌ እያንሾካሾክሁ ነው የምቈጥረው፤ ይጠፋብኛልም። እሱ ጠፍቶበት አያውቅም። ሲድኒ ያልሰጠችኝን ደሴ ሰጥታዋለች፤ በዚህም እቀናለሁ።

ሳን ሆዜ

መጨረሻው ጣቢያ ወርደን በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ሄድን። ኤል ሴሪቶ ጃኬት ያስለብሳል፤ ሳን ሆዜ ቆዳ ታስወልቃለች። ሜዳው የትምህርት ቤት ነው። ዙሪያውን ቶንጋዎችና ሳሞአዎች ድንኳን ጥለው የበግ ጎድን ይጠብሳሉ። አንድ ሰሐን አሥራ ስምንት ዶላር ነው፤ ጎደሬ ከነቅጠሉ አለው፤ ቅጠሉ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ጎመን በቅቤ ይመስላል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሽማግሌ ጸለዩ፤ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ዘመረ። ጀማልም ከመልበሻው ጀርባ ፎጣውን አንጥፎ ዙሁሩን ሰገደ። ሁሉም ለየራሱ ለምኗል፤ እኔ የለመንኩትን አልጽፈውም።

ሜሌ መጥታ ጀማልን አቀፈችው፤ አዲስ ፊሽካም አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እኔን ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ እንደ በቅሎ።

ኦክላንድ ጥቁር፣ ሳን ሆዜ ቢጫ ለብሰው ገቡ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጀማል እንዲሳሳት ጠበቅሁ። አልተሳሳተም። ሁለት መቶ ፓውንድ የሚመዝኑ ሰዎች ሲጋጩ መሐላቸው ገብቶ በለሰለሰ ድምፅ ያናግራቸዋል፤ እነሱም «የስ ሰር» ብለው ይመለሳሉ። እኔን እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም። ዕረፍት ላይ ውሃ ሲያቀብለኝ እንዴት እንደሆነለት ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ደህና ብቻ አልነበረም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኦክላንድ በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። አንድ የኦክላንድ ፈጣን ልጅ አመለጠ፤ ጀማል ሜዳውን ሙሉ ከጐኑ ሳይለይ ሮጠ። ድንኳኑ ሁሉ ለዳኛው አጨበጨበ። ለዳኛ ሲጨበጨብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሜሌ ከወንበሯ ተነሥታ ታጨበጭባለች። እሷን አየሁ፤ አይቼም ቀረሁ። ዓይኔን ወደ ሜዳው ስመልስ ኳሱ በሳን ሆዜ እጅ ገብቷል፤ የያዘውም ልጅ ተጥሏል። አንድ ብዬ ጀመርኩ።

ሳን ሆዜዎች እየወደቁ እየተነሡ ወደ ኦክላንድ መስመር ተጠጉ። አምስት ስል ሁለት እርምጃ ቀርቷቸዋል። እንደገና ወደቁ፤ ስድስት ብዬ ጨረስኩ። ጀማል ግን እጁን ዘርግቶ «ፋይቭ» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የጠበቅሁት መጣ።

የኦክላንድ ደጋፊዎች አልቋል እያሉ ጮኹ። ጀማል ጩኸታቸውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። እኛ ጋ የጆሮ ሬድዮ የለም። በዚያ ሜዳ ላይ አማርኛ የሚሰማ ከሁለታችን በቀር አልነበረም፤ ሲቸግረን በእሱ መነጋገር ልማዳችን ነው።

«ስድስት ሞልቷል፤ ንፋ!» አልኩት በሙሉ ድምፄ።

እጁን አየ። እኔን አየ። ነፋ። ኳሱ ለኦክላንድ ተሰጠ፤ እነሱም አቅፈው ሰዓቱን ጨረሱና ዋንጫውን ወሰዱ። የሳን ሆዜ ድንኳኖች ጀማልን ሲሰድቡት እኔ ባንዲራዬን ጠቅልዬ በኩራት ወጣሁ። ባልነግረው ጉድ ሆኖ ነበር እያልኩ ነው።

ከመልበሻው ደጅ ሜሌ ስልክ ይዛ ጠበቀችን። እህቷ ጨዋታውን ቀድታዋለች። ሦስታችንም ትንሿ ስክሪን ላይ አቀረቀርን። ያ የኦክላንድ ፈጣን ልጅ ኳሱን ከእጁ ወደ ፊት ጣለው፤ የሳን ሆዜው አነሣው። ተጋጣሚ ጥሎት ካነሣኸው የመጀመሪያዋ ታክል አትቈጠርብህም፤ ዜሮ ናት። ጀማል እጁን አንሥቶ ዜሮ ማለቱ በግልጽ ይታያል። እኔ አንድ ብዬ የጀመርኩት ከዚያች ነው። አምስት ያለው ትክክል ነበር፤ ሳን ሆዜዎች አንድ ዕድል ይቀራቸው ነበር። ይህን የዜሮ ሕግ ለጀማል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሜሌ ምን ሆነህ ነው ብላ ጀማልን ጠየቀችው። «ቈጠራው ጠፋብኝ። ስሕተቱ የኔ ነው» አላት በእንግሊዝኛ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

እሷም በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «አንክል ወንዴ፣ እንግዲህ ለመጸው አንተ ተዘጋጅ» አለችኝ።

«ታንክ ዩ» አልኩ። አፌ ነው ያለው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

መልስ

ወደ ቤት የሚመልሰው ባቡር ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሚልፒታስን፣ ፍሪሞንትን ሳንነጋገር አለፍን። ጀማል ጫማውን አውልቆ ያበጠ እግሩን እያሸ ነበር። ሄይዋርድ ስንደርስ መቻል አቃተኝና ለምን እንዳልነገራት ጠየቅሁት።

«ምን ብዬ?» አለኝ።

«እሱ ነው ያሳሳተኝ ብለህ ነዋ።»

እግሩን ማሸቱን ተወ። «ጋሼ፣ ጣቴ አምስት ላይ ነበረች፤ አይቻታለሁ። አንተ ስድስት ስትል ከጣቴ ይልቅ አንተን አመንኩ። ፊሽካውን የነፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ይቅርታ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ቢሰድበኝ ተመኘሁ፤ ተሳድቦ ቢሆን እኩል እንሆን ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ሆድ ከየት እንዳመጣው እያሰብኩ፣ አያችሁ፣ በዚያም ቀናሁበት። ፍሩትቬል ላይ ቦርሳውን አንሥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «አብሽር ጋሼ፤ ለጽጌ ሰላም በልልኝ» ብሎ ወረደ።

ኤል ሴሪቶ

ከጣቢያው እስከ ቤት በሳን ፓብሎ አቬኑ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ጭጋጉ ተመልሶ መጥቷል። ጽጌ በመስኮት አየችኝ፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለሜሌ ኮል አደረግሁ።

ሁሉንም ነገርኳት። ኳሱን አላይም ነበር፤ አንቺ ስታጨበጭቢለት አይ ነበር፤ ዜሮዋ ያመለጠችኝ ለዚያ ነው፤ ንፋ ብዬ የጮኽኩበትም እኔ ነኝ አልኳት።

«ድምፅህን ሰምቼዋለሁ» አለች። ቤቷ ገብታ ቪድዮውን እንደገና ስትከፍተው፣ ጀማል ከመንፋቱ በፊት አንድ ሰው በእኛ ቋንቋ ሲጮኽ ይሰማል። ያኔውኑ ጀማል ጋ ደውላ ምን እያለህ ነው ብላ ጠይቃዋለች።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«በርታ እያለኝ ነው አለኝ።»

የመጸው ጉዞ ለጀማል ተመለሰለት። ሲነግረኝ እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼም ቀናሁ። ይህ ጉዞ ከቅናት ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ከፍሩትቬል እስከ ሳን ሆዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ የዘይነባን ሳምቡሳ በልቻለሁ፤ ፈርቻለሁ ሲለኝ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜም በርታ አላልኩትም።